የአባቴን የአየር ኃይል ሰነዶች የሰጠሁት የአዳማ ፎቶ ቤት

በአዳማ ፍራንኮ አካባቢ የሚገኘው አሮጌ ፎቶግራፎችንና ሰነዶችን ስካን የሚያደርገው አነስተኛ ፎቶ ቤት፣ የሟች ወላጁን የውትድርና አገልግሎት ታሪክ ማሰባሰብ ለጀመረ ሰው ሁሉ በሙሉ እምነት የምጠቁመው ቤት ነው። ምክንያቴም ባለሙያዎቹ በወረቀቱ ላይ ያለውን፣ ጉድፉንም ጭምር፣ እንዳለ ለማቆየት የሚያደርጉት ጥንቃቄ ነው።

አባቴ በኢትዮጵያ አየር ኃይል የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነበሩ። ምድባቸው በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ ያን ጊዜ ደብረ ዘይት ይባል በነበረው ከተማ፣ ሐረር ሜዳ በሚባለው የአየር ኃይል ጣቢያ ሲሆን፣ በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን በወረረ ጊዜ ወደ ድሬዳዋ ተልከው ኤፍ-5 ተዋጊ አውሮፕላኖችን ለበረራ ሲያዘጋጁ ቆይተዋል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ከአሜሪካ ጋር የነበረው ወታደራዊ ግንኙነት ተቋርጦ ስለነበር፣ አሜሪካ ሠራሽ ለሆኑት ለእነዚህ አውሮፕላኖች መለዋወጫ ማግኘት ከባድ ነበር። የሶማሊያን ሚግ ተዋጊ አውሮፕላኖች በአየር ላይ መትተው የጣሉትን፣ በኋላም ተማርከው 11 ዓመት በእስር የቆዩትን የብርጋዴር ጄኔራል ለገሰ ተፈራን ስም ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ይገባቸዋልም። አውሮፕላኑን ነዳጅ ሞልተው፣ ጥይት አጉርሰው፣ ሞተሩን ፈትሸው ያስነሱት ባለሙያዎች ስም ግን በአብዛኛው የሚገኘው በየቤቱ ሣጥን ውስጥ በቀረ ወረቀት ላይ ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ከዚህም ወረቀት ብዙው ጠፋ። ስለዚህ የተረፈውን ለማንም እጅ መስጠት ቀላል ውሳኔ አይደለም።

ወደ ፎቶ ቤቱ የወሰድኩት የአባቴን ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች፣ የኮርስ የምስክር ወረቀቶች እንዲሁም በታይፕ የተጻፉ የዝውውርና የማዕረግ ደብዳቤዎች ነበር። በሌላ ቦታ እንደተለመደው ወረቀቶቹን ላሚኔት እንዲያደርጉልኝ ስጠይቅ፣ የቤቱ ባለቤት ዋናውን ሰነድ እንደማያደርጉና ላሚኔት የሚደረገው ቅጂው ብቻ መሆኑን በትሕትና ነገሩኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ ባነበብኩት መሠረት ልክ ናቸው፤ በሙቀት የተጣበቀ ፕላስቲክ ወረቀቱን ሳይጎዳ አይላቀቅም።

የሥራቸውን ጥራት ያየሁት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው የደብዳቤዎቹ ጠርዝ ነው። ብዙ ኮፒ ቤቶች ደብዳቤውን ለማሳመር ዳር ዳሩን ስለሚቆርጡ፣ ከላይ ያለው የደብዳቤ ቁጥርና ቀን፣ ከታች ያለው «ግልባጭ» የሚለው ዝርዝርም አብሮ ይቀራል። ለታሪክ ፈላጊ ደግሞ ከደብዳቤው አካል ይልቅ እነዚህ ይበልጣሉ፤ የግል ማኅደሩን ለማስፈለግ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው የሚጠቅሰው ቁጥሩንና ቀኑን ነው፤ ግልባጩም ሰነዱ ለየትኛው ክፍል ጭምር እንደደረሰ ይነግረዋል። እነዚህ ሰዎች ሙሉውን ገጽ፣ ጀርባውንም ጨምረው አነሡት። አንድ ፎቶግራፍ ጀርባ ላይ ቀለሙ የጠፋ ጽሑፍ ነበር፤ ብርሃን ከጎን በዝቅታ አብርተው የብዕሩ ጫና የተወውን ስርጉድ ስላነሡት፣ የአባቴ የእጅ ጽሑፍ «ድሬዳዋ፣ ጥር 1970» የሚል ሆኖ ተነበበ። ይህች አንዲት መስመር አባቴ ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን ነፃ ከመውጣቷ ከጥቂት ሳምንታት በፊት የት እንደነበሩ አረጋገጠችልኝ። እናቴ በሕይወት ሳሉ ይነግሩን የነበረውም ይህንኑ ነበር፤ በአባቴ በራሳቸው እጅ ተጽፎ ሳየው ግን የተሰማኝ ደስታ ከፍ ያለ ነው።

ሁለተኛው ፎቶ የማደሱ ሥራ ነው። አባቴ ከአውሮፕላን ጅራት አጠገብ ቆመው የተነሡት ፎቶ ላይ፣ ጅራቱ ላይ የሚታየውን ብዥታ ወጣቱ ባለሙያ ከማጥፋቱ በፊት ደውሎ ጠየቀኝ። ጭረት የመሰለው ነገር ጎልቶ ሲታይ የአውሮፕላኑ ቁጥር ቅሪት ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩ አንድን ፎቶ ከሌላው ጋር ለማገናዘብ ዋና ምልክት ስለሆነ፣ ያ ስልክ ባይደወል ኖሮ የማይተካ ማስረጃ በውበት ስም ይጠፋ ነበር። ባለሙያው ያልታደሰውንና የታደሰውን ምስል ለየብቻ አስቀምጦ መስጠቱንም በጣም ወድጄዋለሁ።

ከዚህ ጋር የማልስማማበት አንድ ነገር አለ። ጥቁርና ነጩን ፎቶ በኮምፒውተር ቀለም የመቀባት አገልግሎት ለደንበኛ ሁሉ ያቀርባሉ። ለሠርግ ፎቶ መልካም ሊሆን ይችላል። በወታደር ፎቶ ላይ ግን ኮምፒውተሩ ለልብሱ፣ ለማዕረግ ምልክቱና ለአውሮፕላኑ የሚሰጠው ቀለም ግምት ስለሆነ፣ የልጅ ልጆች እውነተኛ መስሏቸው ይቀበሉታል። ደንበኛው ሳይጠይቅ ባይቀርብ እመርጣለሁ።

የፋይሎቹ አሰያየምም መሻሻል ይገባዋል። ሰነዶቹን በዓመት ቅደም ተከተል ሲያስቀምጡ ሁለቱን የዘመን አቆጣጠሮች ስላልለዩ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውና 1974 የሚል ቀን ያለው የጥገና ኮርስ ምስክር ወረቀት ከ1970ው የድሬዳዋ ፎቶ በኋላ ተሰልፎ አገኘሁት። ያ 1974 በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ በእኛ 1966 ወይም 1967 ነው፤ ስለዚህ ኮርሱ ከጦርነቱ በፊት የተወሰደ ነው። በዚያ ዘመን የአየር ኃይል ሰው ሰነድ በሁለቱም አቆጣጠር ተደባልቆ የሚገኝ በመሆኑ፣ ይህ ስሕተት የአንድን ሰው የአገልግሎት ታሪክ ከሥሩ ያዛባል። ሳስረዳቸው ያለ ተጨማሪ ክፍያ አስተካክለውልኛል።

ክፍያው በገጽና በፎቶ ቁጥር የሚታሰብ ሲሆን፣ ከተራ ኮፒ ቤት ይወደዳል፤ ግማሹም በቅድሚያ ይከፈላል። መብራት በተደጋጋሚ በመጥፋቱ ከተቀጠረልኝ ቀን ዘግይቷል፤ ሆኖም አስቀድመው አሳውቀውኛል። ፍላሹን ስትረከቡ እዚያው አስከፍታችሁ የእያንዳንዱን ሰነድ ጀርባ መነሣቱን አረጋግጡ፤ ከእነርሱ ኮምፒውተር ላይ የቀረው ቅጂም ፊታችሁ እንዲጠፋ ጠይቁ፤ ስትጠይቁ ያደርጉታል።