መብራት ሲሄድ የማይሄድ ኢንተርኔት፦ የቤት ፋይበር በራሴ ራውተር፣ ከወራት በኋላ

ስለ ፍጥነቱ ብዙ የምለው የለኝም፤ የተከፈለበትን ያህል ይሰጣል። ያልጠበቅሁት ሌላ ነው፦ አዲስ አበባ ላይ መብራት በሄደ ቁጥር ቤቱ ይጨልማል እንጂ፣ አንዲት ትንሽ ባትሪ ካለች ኢንተርኔቱ አይቋረጥም። ይህን ግን ያስገቡልኝ ሰዎች አልነገሩኝም፤ ራውተር የሸጠልኝም ትንፍሽ አላለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለቤት የሚዘረጋው ጂፖን የሚባለው ፋይበር ከኢንተርኔት አቅራቢው ጣቢያ እስከ በር ድረስ በመሃል ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ዕቃ የለበትም። የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ በተሰቀለው ሳጥን ውስጥ ያለው ስፕሊተር እንኳ ብርሃን ከመከፋፈል ሌላ ሥራ የለውም። ጣቢያው በባትሪ ወይም በጄኔሬተር እስከቆመ ድረስ መብራት ሲሄድ የሚሞቱት ቤት ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው፦ ፋይበሩ የሚሰካበት ሞደምና ራውተሩ። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት ናቸው፤ አንድ ሚኒ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ወዲያው የሚረከብ ትንሽ ባትሪ፣ ሁለቱንም ይይዛል። ሰፈሩ በሙሉ ሞባይል ዳታ ላይ ተረባርቦ ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ የእናንተ ቤት ምንም አይሰማውም። መብራቱ ብልጭ ብሎ ቢመለስ እንኳ ትርፍ አለው፤ ያለ ባትሪ ሞደሙ ተነስቶ እስኪመዘገብና ራውተሩ እስኪገናኝ ደቂቃዎች ይበላል።

ጠቤ ከባትሪ ሻጩ ጋር ነው። «10,000 ሚሊአምፒር ነው፣ አዳሩን ይዘልቃል» ይላል። ወንድሜ፣ ያ ቁጥር የሴሉ ነው፣ በ3.7 ቮልት፤ በ12 አይደለም። 10 አምፒር-ሰዓት በ3.7 ሲባዛ 37 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ወደ 12 ሲያሳድገው የሚባክነው 15 በመቶ ገደማ ይቀነስ፣ 31 ቀረ። ሞደሜ 5 ዋት፣ ራውተሬ 8 ዋት ገደማ ይበላሉ። 31 ለ13 ሲካፈል ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። አዳሩ የታለ? ስድስት ሰዓት የሚፈልግ ሰው 25,000 ሚሊአምፒር ገደማ የተጻፈበት ይግዛ።

ሁለተኛው ጣጣ ጫፉ ነው። የራውተር መሰኪያዎች ከውጭ 5.5 ሚሊሜትር ሆነው በውስጥ ቀዳዳቸው 2.1 ወይም 2.5 ይሆናሉ፤ በዓይን አይለዩም። ባለ 2.1ዱ ጫፍ ወፍራሙ ፒን ላይ አይገባም። ባለ 2.5ቱ ግን ቀጭኑ ላይ ይገባና ይላላል፣ ጠረጴዛው በተነካ ቁጥር ራውተሩ ጠፍቶ ይነሳል፣ ሰውም መስመሩን ይረግማል። አምፒሩም ይታይ፦ ዩፒኤሱ ላይ 2 አምፒር ተጽፎ ሁለት መውጫ ካለው፣ ብዙ ጊዜ 2ቱ ለሁለቱ የጋራ ነው። አንዳንድ ትናንሽ ራውተሮች ደግሞ 9 ወይም 5 ቮልት ናቸው፤ 12 ቢሰካባቸው ሊቃጠሉ ይችላሉ። ከመሰካታችሁ በፊት አዳፕተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ።

የራስን ራውተር ማስገባት ራሱ ከባድ አይደለም። ቴክኒሻኑ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ነገር ተቀበሉት፦ የፒፒፒኦኢውን (ወደ መስመሩ መግቢያውን) ዩዘርኔምና ፓስወርድ፣ እንዲሁም ሞደሙ ብሪጅ ላይ እንዲደረግ፣ ማለትም መስመሩን ብቻ አሳልፎ መግባቱን ለራውተሩ እንዲተው። ከዚያ ዩዘርኔሙ ራውተሩ ላይ ይገባል፣ ኤምቲዩው (በአንዴ የሚላከው ዳታ ትልቁ መጠን) 1492 ይሆናል፣ አቅራቢው የሰጠው ቪላን (የመስመር መለያ) ቁጥር ካለ እሱም ይጻፋል። የሞደሙን ዋይፋይ አጥፉት፤ ቻናል ከመሻማቱም በላይ የባትሪውን ዋት በከንቱ ይበላል። ብሪጁን «አይፈቀድም» ካሉም መውጫ አለ፦ የራውተሩን አድራሻ ከ192.168.1.1 ወደ 192.168.1.2 ቀይሩ፣ ለስልክና ለኮምፒውተር አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒ አጥፉ፣ ከሞደሙ የሚመጣውን ገመድ በዋን (የኢንተርኔት መግቢያ) ሳይሆን በላን (የቤት ውስጥ) ቀዳዳ ሰክታችሁ እንደ ዋይፋይ ማሰራጫ ተጠቀሙበት። አድራሻውን ሳይቀይሩ የሚሰኩ ብዙ ናቸው፤ ሁለቱ ዕቃዎች በአንድ ቁጥር ይጋጩና የሞደሙ ገጽ አልከፍት ይላል።

እግረ መንገዳችሁን የብርሃኑን መጠን በሞደሙ ገጽ ላይ እዩ። ከማይነስ 8 እስከ ማይነስ 27 ዲቢኤም (የብርሃን ጉልበት መለኪያ፤ ወደ 27 ሲጠጋ ደካማ ነው) ይሠራል ቢባልም፣ ገና በገባ ቀን ማይነስ 26 ላይ ያለ መስመር ሰንብቶ ቀይ መብራት ያሳያችኋል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ በቁም ሳጥን ጀርባ የታጠፈ ገመድ ወይም በእጅ የተገጠመው አረንጓዴ ጫፍ ነው፤ ያኔውኑ ጫፉን ቆርጦ እንደገና እንዲገጥም ቴክኒሻኑን ጠይቁት።

ራውተሩ አይቆጨኝም፤ ነገ ቢበላሽ እሱኑ መልሼ እገዛለሁ። ሚኒ ዩፒኤሱ ግን ያናድደኛል። ሌት ተቀን ሙሉ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ፣ ትኩስ ሞደም ላይ ተደርቦ ከኖረ ሊቲየሙ ይደክማል፤ የእኔው አሁን ሁለት ሰዓት አይሞላም። ከሞደሙ ለይታችሁ አስቀምጡት። ስትገዙም በእጃችሁ መዝኑት፦ በውስጡ የሚገባው 18650 የሚባለው የሊቲየም ሴል አንዱ 45 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ጥሩ የሚባለውም 3,500 ሚሊአምፒር ገደማ ነው። ስለዚህ 10,000 የተጻፈበት ሳጥን ቢያንስ ሦስት ሴል ሊኖረው ይገባል፤ ሴሎቹ ብቻ 135 ግራም ናቸው። ቀፎውም ሰርኪቱም ተጨምሮ ሳጥኑ ከዚያ ከቀለለ ለሻጩ መልሱለት።