የእማዬ ሞራ ተገፈፈ፣ ምን ማየት እንደምትፈልግ ግን ማንም አልጠየቃትም

ሰላም ናችሁ። ይሄን የምጽፈው ደብረ ብርሃን፣ መሃል ሜዳ፣ ደብረ ሲና አካባቢ ሆናችሁ እናት ወይ አባታችሁን ለዓይን ሞራ ልታሳክሙ ላሰባችሁ ነው። እኛ በሁለት ወር ልዩነት ሁለቱንም ዓይን አሰርተን ጨርሰናል። ክሊኒኩ አዲስ አበባ ያለ የግል ነው፣ ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጠራም። ከአምስት ለኦፕራሲዮኑ አምስት ሰጥቻለሁ፣ ለማስረዳቱ ግን ሁለት፣ እሷንም እያዘንኩላቸው ነው።

እማዬ የመንዝ ሰው ናት፣ አሁን ደብረ ብርሃን እኔ ጋ ነው ያለችው። ዓመት ሙሉ "ጉም ጉም ይለኛል" ስትል እኛም የደብረ ብርሃን ነገር ጉሙ የእውነት መስሎን ዝም። የነቃነው አንድ ቀን ምስር ስትለቅም ነው፣ ጠጠሩን ሰፌዱ ላይ ትታ ምስሩን ስትወረውር። ጎረቤቶች ደግሞ "ሞራው ሳይበስል አይነካም" ብለዋት ስትጠብቅ ነበር ለካ። ዶክተሩ ሲነግረን ይሄ የድሮ ነገር ነው፣ አሁን የቀን ስራዋን ካስቸገራት ይበቃል፣ እንዲያውም በጣም ሲቆይ እየጠጠረ ስለሚሄድ ስራውን ያከብደዋል።

"መገፈፍ" የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል እኮ። እኔ ዓይኗ ላይ የበቀለ ስስ ነገር የሚላጥ ይመስለኝ ነበር። ሞራ ማለት ከብሌኑ ኋላ ያለው የራሷ ሌንስ ሲደፈርስ ነው፣ እሱ ይወጣና የነበረበት ቀጭን ከረጢት ይቀራል፣ እዛ ውስጥ ፕላስቲክ ሌንስ ይገባል፣ እድሜ ልክ እዛው ነው። አወጣጡ ሁለት ዓይነት ነው፣ ፋኮ የሚሉት ሶስት ሚሊሜትር ገደማ ቀደው በድምጽ ሞገድ ሰባብረው መጥጠው የሚያወጡት፣ ሌላው ስድስት ሚሊሜትር አካባቢ ከፍተው ሳይሰባበር የሚያወጡት፣ እሱም ብዙ ጊዜ ያለ ስፌት ይዘጋል። ሪሴፕሽኗ ሁለተኛውን የድሃ አስመስላ ነው ያወራችን፣ በደንብ ለጠጠረ ሞራ ግን ጥሩ ዘዴ ነው፣ በዘመቻ ብዙ ሰው የሚሰራውም በሱ ነው።

ኦፕራሲዮኑ ሀያ ደቂቃ አልሞላም፣ ዓይኗን ብቻ አደንዝዘው ነቅታ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ ነጠላዋን ስታይ ቆየችና "ይሄ ጥለት አረንጓዴ አልነበረም እንዴ?" አለች። ሰማያዊ ነው! የተሰራውን ዓይን በእጇ ስትሸፍን አረንጓዴ፣ ያልተሰራውን ስትሸፍን ሰማያዊ፣ እንደ ልጅ ስትጫወትበት ዋለች። ሞራው ወደ ቢጫና ቡኒ ስለሚሄድ ቀለም ይቀይራል አሉን።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ገና ከመሰራቷ በፊት ስለ ሌንስ የተጠየቅነው ብቸኛ ጥያቄ "የህንድ ነው የአሜሪካ?" የሚል ነበር፣ ጎማ እንደምንገዛ። ከዛ "ሩቅም ቅርብም የሚያሳየውን ውሰዱ፣ መነጽር አያስፈልጋትም" ብለው ከሶስት እጥፍ በላይ ዋጋ ነገሩን። ተራውን መረጥን። ሁለት ሳምንት ቆይታ ከግቢያችን በር ላይ ሆና የሥላሴን ጉልላት አጥርታ ታያለች፣ እንዝርቷን ስታነሳ ግን ክሩ የለም። ስደውል "መነጽር ይግዙላት" አሉኝ፣ ጨረሱ።

ነገሩ ሲገባኝ ተራው ሌንስ አንድ ርቀት ላይ ነው የሚያጠራው፣ ለሩቅ ካደረጉት ለቅርብ መነጽር ይፈለጋል፣ ለቅርብ ካደረጉት ለሩቅ። የቱ እንደሚሆን የሚወሰነው ደግሞ ቀድሞ ነው፣ ዓይኗን በማሽን ለክተው። ለዚህ ነው ልኬቱ ላይ አትቸኩሉ የምለው፣ የዓይኑ ርዝመት በአንድ ሚሊሜትር ቢሳሳት የመነጽሩ ቁጥር በሶስት ገደማ ይዛባል። ሩቅም ቅርብም የሚያሳየው ውሸት አይደለም፣ ለአንዳንዱ ሰው ይሆናል፣ ግን ብርሃኑን ስለሚከፋፍለው ማታ መብራት ዙሪያ ቀለበት ያሳያል፣ ድንግዝግዝ ላይም ይደክማል፣ ስኳር የዓይኑን ጀርባ ለነካው ወይ ትራኮማ ጠባሳ ለተወበት ሰው አይመከርም። የኛ አካባቢ ሽማግሌዎች ስንቱ ትራኮማ እንዳለፈበት አስቡት። የዓይኑ የፊት መስታወት (ኮርኒያ) ቅርጹ ለተዛባበት ደግሞ ቶሪክ የሚባል ሌንስ አለ፣ እኛን አልነካንም።

ለሁለተኛው ዓይን ሪሴፕሽን ጋ አልቆምኩም፣ ዶክተሩን ካላገኘሁ አልወጣም አልኩ። ሰውዬው ሲገኝ እንዴት ያለ ጨዋ መሰላችሁ። "እማማ ቀን ቀን ምን ይሰራሉ?" አላት። "እፈትላለሁ ልጄ፣ ዳዊቴንም እደግማለሁ።" "ሲፈትሉ ከዓይንዎ ምን ያህል ይርቃል?" እጇን ዘርግታ አሳየችው፣ ግማሽ ሜትር አካባቢ። በቃ፣ ማይነስ ሁለት እናድርገው አለ፣ ግማሽ ሜትር ላይ ያጠራል ማለት ነው። ሁለቱ ዓይን ሲለያይ የሚያዞረው ሰው ስላለ መጀመሪያ በመነጽር አስሞክሯት ነው፣ ተስማማት። ይሄ አምስት ደቂቃ ያልፈጀ ወሬ ለመጀመሪያው ዓይን ለምን አልተደረገም?

ቤት ከገባን በኋላ ያለው ፈተና ሌላ ነው። ጠብታው እየቀነሰ አንድ ወር ይሄዳል፣ ዓይን ማሸት የለም፣ ጭስ የለም፣ ማጎንበስ የለም፣ እና ጾም ነበር። እማዬ ስግደት ልትተው? የንስሐ አባቷ ራሳቸው ቤት መጥተው "እመቤት፣ ተቀምጠሽ ጸልዪ" እስኪሏት ድረስ እኔን አልሰማችኝም። ህመም ወይ መቅላት ከመጣ ወይ እይታው ከቀነሰ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዛው ቀን ሂዱ። ከወራት ወይ ከዓመታት በኋላ "ሞራው ተመለሰ" የሚሉት ደግሞ ሞራ አይደለም፣ ያ የቀረው ከረጢት ሲደፈርስ ነው፣ በሌዘር በደቂቃዎች ይከፈታል።

ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎሜትር ስለሆነ በማግስቱ ለመታየት አዲስ አበባ ማደሪያ ያዙ። ስትወጡ ደግሞ የገባው ሌንስ ዓይነትና ቁጥር የተጻፈበትን ካርድ ተቀበሉ። የኛን የመጀመሪያ ዓይን ካርድ ሶስት ጊዜ ደውዬ ነው ያገኘሁት፣ እሱም የሌላ ሰው ስም ተጽፎበት መጥቶ እንደገና መለስኩት።