ከሰርጓጅ መርከብ ወደ ዋይት ሐውስ፦ በከዚራ የሚከራይ ጥራዝ ሲገመገም

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ አንድ የመጻሕፍት አከራይ ከተለመደው ኪራይ ሌላ «የርእስ ጥራዝ» የሚባል አገልግሎት ይሰጣል። ባለቤቱ ስለ አንድ ሰው ወይም ስለ አንድ ጉዳይ ከየጋዜጣውና ከየመጽሔቱ ያሰባሰቡትን ጽሑፍ ራሳቸው ወደ አማርኛ መልሰው፣ አስተይበውና በስፓይራል አስጠርዘው በሳምንት ሒሳብ ያከራያሉ። ለማያውቁት ተከራይ መያዣ ይጠይቃሉ፤ ለደንበኛ ግን ስምን በደብተር ማስፈር ይበቃል። እዚህ የምገመግመው ከባሕር ኃይል መኮንንነት ተነሥተው 39ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ስለሆኑት ስለ ጂሚ ካርተር የተዘጋጀውን ጥራዝ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው። ወረቀቱ ጥሩ ነው፣ ፊደሉም ዐይን አያደክምም፤ ፎቶዎቹ ግን ኮፒ ከኮፒ ሲወሰድ የጨለሙ ስለሆኑ የሰርጓጅ መርከቡን ምስል ከባሕሩ ለመለየት መግለጫውን ማንበብ ግድ ይላል። ከእኔ በፊት የተከራዩ አንባቢዎች በኅዳጉ ላይ በእስክሪብቶ ጽፈዋል። ባለቤቱ ይህን እንደ ጉዳት ሊቆጥሩት ይችላሉ፤ እኔ ግን የኪራዩ አንድ ጥቅም ነው እላለሁ። ካርተር የለውዝ ገበሬ እንደነበሩ በሚናገረው ገጽ ጥግ አንድ ሰው «ባቢሌ ቢወለዱ ኖሮ ማን ይመርጣቸው ነበር?» ብሎ ጠይቋል። ከሥሩ ሌላ እጅ «ከፊራ ገበያ ያሉት ሁሉ» ሲል መልሷል።

ጥራዙ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1924 ጆርጂያ ውስጥ ፕሌንስ በምትባል ትንሽ ከተማ ከተወለዱበት ጊዜ ነው። ልጅነቱን በቶሎ አልፎ በ1946 ከአናፖሊስ የባሕር ኃይል አካዳሚ ወደተመረቁበትና ከሮዛሊን ጋር ወደተጋቡበት ዓመት ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የሰርጓጅ መርከብ ዘመን በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ፖምፍሬት በተባለችው መርከብ ላይ ሳሉ ማዕበል ከመርከቧ ጠርጎ እንደወሰዳቸውና ውኃው መልሶ መድፉ ላይ እንደጣላቸው የሚተርከው ክፍል አንባቢን ይዞ ያቆያል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የቾክ ሪቨር ታሪክ ነው። በታኅሣሥ ወር 1952 በካናዳ የሚገኝ አንድ የኑክሌር ማብላያ አደጋ ሲደርስበት፣ ወጣቱ ሌተናንት የተጎዳውን አካል እየፈቱ የሚያወጡ ሰዎች ቡድን ይዘው ተላኩ። ጨረሩ ከባድ ስለነበረ አንድ ሰው በማብላያው ውስጥ የሚቆየው ለ90 ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ስለዚህ በቴኒስ ሜዳ ላይ የማብላያው አምሳያ ተሠርቶ፣ የትኛውን ብሎን ማን እንደሚፈታ በልምምድ ተጠንቶ፣ ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ወደ ውስጥ ተገባ። ባለቤቱ ይህን ቦታ ሲተረጉሙ ዓረፍተ ነገሮቹን አሳጥረዋቸዋል፤ ሰውየው ገብቶ፣ ፈትቶ፣ ሮጦ ሲወጣ አንባቢውም አብሮ ትንፋሹን ይይዛል።

በዚሁ ክፍል አንድ መታረም ያለበት ስሕተት አለ። ጥራዙ ካርተርን «የኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ አዛዥ» ይላቸዋል፤ አልነበሩም። የባሕር ኃይሉን የኑክሌር መርሐ ግብር ይመሩ በነበሩት በአድሚራል ሪኮቨር ሥር ሠርተዋል፣ ሲዎልፍ ለተባለችው መርከብም የሚመደቡትን ባሕርተኞች በማሠልጠን ተሳትፈዋል። ይሁን እንጂ ከባሕር ኃይል የወጡት በጥቅምት 1953 ሲሆን፣ የመጀመሪያዋ የኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ ናውቲለስ ውኃ የነካችው በጥር 1954 ነው። ገና ያልተንሳፈፈ መርከብ ማዘዝ አይቻልም። እንዲህ ያለውን ማጋነን ምንጮቹ ራሳቸው ሳያመጡት አይቀሩም፤ የምርጫ ዘመን ወሬ የሰውን ማዕረግ ከፍ ማድረግ ይወዳል።

ኪራዩን የሚያዋጣው ክፍል ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው፣ ብዙ አንባቢ ምናልባት ዘሎት የሚያልፈው የፕሌንስ ዘመን ነው። አባታቸው በ1953 ሲያርፉ ካርተር የሚወዱትን ሥራና የተደላደለ ደመወዝ ትተው የቤተሰቡን እርሻና የለውዝ ንግድ ለመያዝ ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመለሱ። ሮዛሊን በውሳኔው እጅግ ተቆጥተው ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ድርቅ መታው፣ ትርፉም ከምንም የማይቆጠር ሆነ፣ ቤተሰቡ ለአነስተኛ ገቢ ነዋሪዎች በተሠራ የመንግሥት ቤት ውስጥ ኖረ። ዩኒፎርሙ ከወለቀ በኋላ ስማቸው በምርጫ ወረቀት ላይ እስከሚታይ ድረስ ዘጠኝ ዓመት አልፏል። በእነዚያ ዓመታት ዘር መርጠዋል፣ ብድር ተበድረዋል፣ በትምህርት ቤት ቦርድ ውስጥ ተቀምጠው ከጎረቤት ጋር ተከራክረዋል። እኛ የምናውቀው የመኮንንና የፖለቲካ ግንኙነት ከዚህ የተለየ ነው። በ1966 ዓ.ም. የእኛ መኮንኖች ከጦር ሰፈር ወደ ቤተ መንግሥት የሄዱት ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ነበርና፣ በመካከል ገበሬና ነጋዴ ሆኖ የመክሰር፣ ተወዳድሮ የመሸነፍ ዕድል አላገኙም። ካርተር ግን በ1966 እ.ኤ.አ. ለጆርጂያ ገዥነት ተወዳድረው ተሸንፈዋል፤ ያሸነፉት ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ሁለቱ 1966ቶች መገጣጠማቸው የቀን መቁጠሪያ ጨዋታ ከመሆን ባያልፍም፣ ጥራዙን ስዘጋ ከአእምሮዬ አልወጣም።

የ1962ቱ የመጀመሪያ ውድድርም እንዲሁ በጥሩ ሁኔታ ቀርቧል። ለጆርጂያ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ሲወዳደሩ በአንዲት ወረዳ ሳጥኑ ውስጥ የሞቱና በእስር ላይ ያሉ ሰዎች ድምፅ ተገኘ፤ መራጮችም በፊደል ተራ ተሰልፈው እንደመረጡ ተመዘገበ። ካርተር ሽንፈቱን አልቀበልም ብለው ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት፣ በመጨረሻም መቀመጫውን አገኙ። የቾክ ሪቨርን ብሎን በተራ ያስፈታው መሐንዲስና የመራጮችን ስም ዝርዝር መስመር በመስመር የመረመረው ተወዳዳሪ አንድ ሰው መሆኑን አንባቢ ያለ አስረጂ ይረዳዋል። ይኸው ጠባይ በኋላ በፕሬዚዳንትነታቸው ዘመን በዝርዝር ጉዳይ ይጠመዳሉ የሚል ነቀፋ አምጥቶባቸዋል፤ ጥራዙ ይህን በአንድ መስመር ብቻ መንካቱ ያሳዝናል።

የፕሬዚዳንትነቱ ምዕራፍ እንደ ትምህርት ቤት ማስታወሻ ነው፤ የግብፅና የእስራኤል የካምፕ ዴቪድ ስምምነት፣ የኢራን ታጋቾች፣ በረሃ ላይ የከሸፈው የማስለቀቅ ሙከራ፣ በ1980 በሬገን መሸነፋቸው ተራ በተራ ተደርድረዋል። ይህን ከሌላ ቦታም ማግኘት ይቻላል።

ትልቁ ጉድለት ግን ድሬዳዋ ላይ ተጠርዞ ለድሬዳዋ ሰው የሚከራይ ጥራዝ ስለ 1969 ዓ.ም. አንድም ቃል አለመያዙ ነው። በዚያ ዓመት በየካቲት ወር የካርተር መንግሥት በሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን ወታደራዊ ዕርዳታ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ደርግም በሚያዝያ አስመራ የነበረውን የአሜሪካ ወታደራዊ የመገናኛ ሰፈር፣ ቃኘው ጣቢያን፣ እና ሌሎች የአሜሪካ ተቋማትን ዘጋ፤ ከተዘጉት መካከል የአሜሪካ ባሕር ኃይል በአዲስ አበባ የነበረው የሕክምና ምርምር ጣቢያ ይገኝበታል፤ የቀድሞውን የባሕር ኃይል መኮንን ታሪክ ለሚያነብ ሰው ይህ መቅረት የሌለበት ዝርዝር ነው። በሐምሌ የሶማሊያ ጦር በኦጋዴን ወረራውን ከፈተ፣ በነሐሴ ድሬዳዋ ተጠቃች፣ በመስከረም 1970 ጅጅጋ ተያዘች፣ ሐረርም ለወራት በጦርነት ጭንቅ ውስጥ ቆየች። የሶቪየት መሣሪያና የኩባ ሠራዊት የመጡት፣ ታሪኩም የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ የተቋጨው ከዚያ በኋላ ነው። የሶማሊያን ሚጎች ከሰማይ ያወረዱት ኤፍ-5 አውሮፕላኖች ቀደም ሲል ከአሜሪካ የመጡ መሆናቸውም ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። የካርተር ውሳኔ ትክክል ነበር ወይስ ስሕተት የሚለው ለክርክር ክፍት ነው፤ ክርክሩ ግን ከዚህ ከተማ በላይ የሚገባው ቦታ ያለ አይመስለኝም።

ይህን ለባለቤቱ አንሥቼላቸው ነበር። «ጋሼ፣ የ1969ኙ ነገር የት ገባ?» ስላቸው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው «እሱንማ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። በእሳቸው ዕድሜ ላሉት እውነት ነው፤ ከሱቁ መጽሐፍ የሚከራዩት አብዛኞቹ ግን ተማሪዎች ናቸውና እነሱ የሚያውቁት በየዓመቱ የሚከበረውን የካራማራን ቀን እንጂ ዋሽንግተን ውስጥ የተወሰነውን አይደለም።

ጉድለቱን በከፊል የሚክሰው መጨረሻው ላይ የተጨመረው አጭር ጽሑፍ ነው። አንዱ ገጽ ካርተር ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ጉዳይ በሌላ በር መመለሳቸውን ያወሳል፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ደርግንና ሻዕቢያን አትላንታ ላይ ማደራደራቸውን፣ በ1997 ዓ.ም. ምርጫ መታዘባቸውን፣ ማዕከላቸው በጊኒ ዎርምና በትራኮማ ላይ ያደረገውን ዘመቻ ይዘረዝራል። ሌላው ገጽ ስለ እኛው ባሕር ኃይል ነው። የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ የነበሩት ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ከተገደሉት ስድሳ ሰዎች አንዱ እንደነበሩ በጥቂት መስመር ይነግረናል። ባለቤቱ ሁለቱን መኮንኖች አላነጻጸሩም፤ ጎን ለጎን ማስቀመጣቸው በቂ ነው፣ በዚህም ማስተዋላቸውን አደንቃለሁ።

ኪራዩ ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ ብዙም ስለማይበልጥ ጥራዙ ላወጣሁበት ገንዘብ ከበቂ በላይ ሰጥቶኛል። የአዛዥነቱን ስሕተት በእርሳስ እንዳርመው ባለቤቱ ፈቅደውልኛል፤ ስለ 1969 የሚሆን ተጨማሪ ገጽም በሚቀጥለው ጥረዛ ለማስገባት ተስማምተዋል። የሚፈልግ ሰው ጠዋት ይሂድ፤ በቀትር ሙቀት ሱቁ ስለሚዘጋ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ የሚያገኘው ሰው የለም።