ማርጆራም ልግዛ ወይስ ጦስኙ ይበቃኛል?

ባሕር ዳር ከአንድ ሱፐርማርኬት የገዛኋት ትንሽ ብልቃጥ ማርጆራም (ምግብ ላይ የሚነሰነስ የደረቀ የቅመም ቅጠል) ደብረ ማርቆስ ቤቴ ደርሳ ስትከፈት ምንም አልሸተተችም። ላይዋ ቡናማ ሆኗል፣ ሥሯ ብናኝ ብቻ ነው። እናቴ አሸት አድርጋ "ጦስኝ ጠፍቶ ነው ይህን ገለባ የገዛሽው?" አለችኝ። እልህ ያዘኝና ደህናውን ፈልጌ አገኘሁ። ከጦስኝ ጋርም ጎን ለጎን ሞከርኩት።

ሁለቱም የናና ዘመዶች ናቸው። ጦስኝ የራሳችን የደጋ ተክል ነው። ማርጆራም የቆጵሮስና የቱርክ አካባቢ ተወላጅ ሲሆን ዛሬ ለዓለም ገበያ በብዛት የምታቀርበው ግብፅ ናት። ሽታቸው ግን ለየቅል ነው። ጦስኝ ገና ሲነኩት አፍንጫ ይሰነጥቃል። ማርጆራም ለስለስ ያለ ነው፤ ጣፈጥ ይላል፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ መረር ይላል።

ልዩነቱ የሚታየው ድስት ላይ ነው። ጦስኝ መፍላት አይፈራም። ሻይ ውስጥ ቢንተከተክ፣ ሽሮ ውስጥ ቢገባ ሽታው አይጠፋም። ማርጆራም ከወጡ ጋር ሲፈላ ከዋለ ግን ሽታው በእንፋሎት ይሄዳል። ድስቱ ሊወርድ አምስት ደቂቃ ሲቀረው በመዳፍ አሸት አሸት አድርጎ መነስነስ ነው። በርበሬ የበዛበት ቀይ ወጥ ላይ አይሞክሩት፣ በርበሬው ይውጠዋል። ድንች አልጫ፣ እንቁላል ጥብስ፣ የተፈጨ ሥጋ ላይ ግን ያምራል። የጣና ቆሮሶ ዓሣ በዘይት ተጠብሶ፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ ከላይ ቆንጠር ተደርጎበት ስበላ እኔ ራሴ ተሸነፍኩ።

ኦሬጋኖ የሚባለው የቅመም ቅጠል የማርጆራም የቅርብ ዘመድ ስለሆነ "ያው ነው" ብሎ የሚሸጥ አይጠፋም። ያው አይደለም፤ ኦሬጋኖ ኃይለኛ ነው። ማርጆራም ጠፍቶ እሱን ከተጠቀሙ መጠኑን በግማሽ ይቀንሱ።

ጥቅሙን በተመለከተ፣ ጦስኝን ለሳልና ለጉንፋን ስንጠጣው አድገናል። ማርጆራምን የሜዲትራኒያን ሰዎች ለሆድ መነፋት ያፈሉታል። የሁለቱም ዘይት ጀርሞችን እንደሚያዳክም በቤተ ሙከራ ታይቷል፤ ሻዩ በሽታ ያድናል ማለት ግን አይደለም። ለእኔ ትልቁ ጥቅም ጨው መቀነሱ ነው፤ አልጫው ሽታ ካለው ጨው አያስመኝም። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ምግብ ላይ ቆንጠር ማድረግ ሌላ ነገር ነው፤ ወፍራም አድርጎ አፍልቶ ለመጠጣት ግን ሐኪም ይጠይቁ።

ሲገዙ ከብናኙ ይልቅ ቅጠሉ የሚታየውን ይምረጡ። ቀለሙ ግራጫ አረንጓዴ ይሁን። ጦስኝ ገበያ ላይ በእፍኝ ስለሚሸጥ አሽተው ይገዛሉ፤ እንጨቱ ከቅጠሉ ከበዛ ይለፉት። ብልቃጥ ግን ታሽጎ ነው፤ ቀኑን ማየትና ትንሹን መግዛት ነው ያለው።

ቤትዎ ሽሮና ሻይ የሚበዛበት ከሆነ ጦስኙ ይበቃዎታል፣ ገንዘብዎን አያውጡ። ዓሣ፣ ሥጋና እንቁላል ከበዛ ግን ማርጆራሙ ዋጋውን ያወጣል። ዘሩን ካገኙ ደግሞ ፀሐይ የሚያገኝ መስኮት ላይ በጣሳ ይበቅላል። ውርጭ ስለማይችል ማታ ውጭ አያሳድሩት። የእኔን ጣሳ አሁን ውኃ የምታጠጣው እናቴ ናት።