ኮአርተም፦ የሦስት ቀን የወባ መድኃኒት በቅርብ ሲታይ

ከአርባ ምንጭ የመስክ ሥራ ስመለስ የደም ምርመራዬ ፋልሲፓረም የተባለውን የወባ ዓይነት በማሳየቱ ኮአርተም ታዘዘልኝ። አዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ 4 ቢጫ ክኒን፣ በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ፣ በጠቅላላው 24 ክኒን ይውጣል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ስለሚወሰድ ከምሽቱ 3 ሰዓት የጀመርኩት እኔ ሌሊት 11 ሰዓት መንቃት ግድ ሆነብኝ።

የመድኃኒቱ ብልሃት ያለው በወባ ተውሳኩ አመጋገብ ላይ ነው። ተውሳኩ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ሄሞግሎቢንን ሲፈጭ ሄም የተባለ ብረት ያዘለ መርዛማ ትርፍ ይቀርበታል፤ ይህንንም ሄሞዞይን ወደሚባል ጉዳት አልባ ክሪስታል እየለወጠ ራሱን ያድናል። በኮአርተም ውስጥ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሉሜፋንትሪን ይህን ማምለጫ እንደሚዘጋበት ይታመናል፤ ሁለተኛው፣ አርቴሜተር፣ ደግሞ በዚያው በሄም ብረት ተቀስቅሶ የተውሳኩን ፕሮቲኖች ያጠቃል። ጠላት በገዛ ጥራጊው ሲመታ ማሰብ፣ በትኩሳት ለሚንቀጠቀጥ ሰው እንኳ፣ ደስ ያሰኛል።

ቅሬታዬ በሸጠልኝ መድኃኒት ቤት ላይ ነው። ሉሜፋንትሪን ያለ ቅባት በአንጀት በደንብ አይመጠጥም፤ ባለሙያው ግን «ከምግብ ጋር ውሰድ» ብቻ ስላለኝ፣ ወቅቱም ዐቢይ ጾም ስለነበር፣ የመጀመሪያዎቹን ክኒኖች በደረቅ ዳቦና በሻይ ዋጥኳቸው። የመመሪያ ወረቀቱን ካነበብኩ በኋላ ዘይት በዛ ባለበት ሽሮ ቀጠልኩ፤ ትኩሳቱም በሁለተኛው ቀን በረደልኝ። ቫይቫክስ የተባለው ሌላ የወባ ዓይነት የያዘው ሰው ግን በጉበት የተደበቀውን ተውሳክ ይህ መድኃኒት ስለማይነካው የጉበቱን ተውሳክ ስለሚያጠፋው ፕሪማኪን ስለተባለ መድኃኒት ሐኪሙን ይጠይቅ።