በጅማ የተሠራ ገንዳ ለመጀመሪያ የጨው ውሃ ዓሣ

ጅማ ውስጥ የበርና የመስኮት መስታወት ከሚገጥሙ ወርክሾፖች በአንዱ በትእዛዝ ያሠራሁት የዓሣ ገንዳ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 40 ሴንቲ ሜትር ወርድና 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን፣ እስከ አፉ ቢሞላ 96 ሊትር ውሃ ይይዛል። ባሕር በሌለው አገር የባሕር ዓሣ በቤት ማኖር ቅንጦት መሆኑን አልክድም፤ ሆኖም የት እንደሚቆጠብና የት እንደማይቆጠብ ለይቶ ለሚያውቅ ሰው አቅም የሚፈቅደው ቅንጦት ነው።

ገንዳው የሚቆጠብበት ቦታ ነው። ባለሙያዎቹ 8 ሚሊ ሜትር መስታወት ተጠቅመዋል፤ ጠርዙን እጅ እንዳይቆርጥ ሞርደውታል፤ የመገጣጠሚያው ሲሊኮንም ሳይቆራረጥ ከላይ እስከ ታች ወርዷል። ለመስኮት የሚውለው ሲሊኮን ሻጋታ የሚከላከል ኬሚካል ካለበት ዓሣን ሊመርዝ ስለሚችል፣ ሥራው ሳይጀመር ማሸጊያውን አንብቦ ኬሚካሉ የሌለበትን ማስገዛት ያስፈልጋል፤ እነሱም ጥያቄዬን ሳያጉረመርሙ ተቀብለዋል። የሲሊኮኑ የኮምጣጤ ሽታ ፈጽሞ እስኪጠፋ ውሃ አይሞላበትም። ውሃ፣ አሸዋና ድንጋይ ሲገባበት ክብደቱ ከ100 ኪሎ ግራም ስለሚያልፍ ማስቀመጫውን ለአናጺ አዘዝኩ፤ በበርጩማ ሥራ ስሟ በሚጠራ ከተማ ከሌላ ቦታ የመጣ ማስቀመጫ መግዛት አልታየኝም።

በጨው ላይ ግን መቆጠብ አይቻልም። የወጥ ቤት ጨውም ሆነ የአፋር አሞሌ በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ስለሆነ፣ በባሕር ውሃ ውስጥ የሚገኘውን ማግኒዚየምና ካልሲየም፣ እንዲሁም የአሲድነቱን መጠን የሚያረጋጋውን ባይካርቦኔት አይተካም። ለአኳሪየም (ለዓሣ ገንዳ) ተብሎ የተቀመመውን ጨው ጅማ ስላላገኘሁት ከውጭ አስመጥቻለሁ። ለ1 ሊትር 35 ግራም ገደማ ስለሚያስፈልግ፣ ድንጋይና አሸዋው ቦታ ከያዙ በኋላ ለሚቀረው 80 ሊትር ያህል ውሃ 3 ኪሎ ግራም ግድም ይበቃል፤ ነገር ግን ከውሃው ከ10 እስከ 15 በመቶው በየጊዜው ስለሚቀየር ወጪው በዚያ አያበቃም። የውሃውን ጨዋማነት ለመለካት ሪፍራክቶሜትር (ብርሃን በውሃው ሲያልፍ በሚታጠፍበት መጠን ጨዉን የሚለካ መሣሪያ) ከርካሹ ተንሳፋፊ መለኪያ ይሻላል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ማስወገጃ ይፈልጋል። የጅማ ዝናብ ቢያጓጓም፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ውሃ ዚንክ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ለቀንድ አውጣና ለሽሪምፕ አደገኛ ነው።

ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ውሃውን ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማቆየት ማሞቂያ ያስፈልጋል። መብራት ጠፍቶ ውሃውን የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ ሲቆም ግን ብዙውን ጊዜ ከብርዱ ቀድሞ ዓሣውን የሚያሰጋው የኦክስጅን ማነስ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚይዘው ስለሚያንስ፣ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከማንኛውም ጌጥ በፊት መገዛት አለበት።

ከዓሣ ኩስና ከምግብ ትርፍ የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች በድንጋዩ ላይ እስኪባዙ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ የውሃ መመርመሪያው ለሁለቱ መርዞች፣ ለአሞኒያና ለናይትራይት፣ ዜሮ ሳያሳይ ዓሣ ማስገባት ገንዘብ ማባከን ነው። ለጀማሪ ጥንድ ክላውንፊሽ (ትንሽ ባለ ነጭ መስመር የባሕር ዓሣ) ይበቃል፤ ብርቱ መብራት የሚፈልገው ኮራል (ድንጋይ መሳይ የባሕር እንስሳ) ይቆይ።

ወርክሾፑን የምነቅፈው ገንዳውን ያለ ክዳን በማስረከቡ ነው። ክላውንፊሽ ዘሎ ሊወጣ ይችላል፤ ክፍት ገንዳ ደግሞ ውሃው ፈጥኖ ይተናል፤ ጨው ስለማይተን የጎደለው የሚሞላው ጨው በሌለበት ውሃ ነው። ክዳኑን ከገንዳው ጋር አብራችሁ እዘዙ፤ ለማሞቂያው ገመድና ለአየር ቱቦው የሚሆን ክፍተትም ከማእዘኑ ላይ አስቀድማችሁ አስቆርጡ።