ፋሲል ግቢን በእግር፣ ከጎበዝ አስጎብኚ ጋር

ከውጭ አገር ልጆቻችሁን ይዛችሁ ጎንደር የምትገቡ ካላችሁ፣ ፋሲል ግቢን ያለ አስጎብኚ አትዙሩት። እኛ ዘንድሮ ከተጠቀምንባቸው አገልግሎቶች ሁሉ የከፈልነው ብር በደንብ የሠራው እዚህ ነው።

አስጎብኚያችንን ያገኘነው በሩ ላይ ነው። ዋጋውን አስቀድመን ተነጋገርን፣ በዚያው ረጋ። ወጣት ነው፣ የዚያው የጎንደር ልጅ። አማርኛ ለሚከብዳቸው ልጆቼ ቀስ እያለ ያስረዳል። እናቴን ደግሞ «እማማ፣ እዚህ ጋ አረፍ ይበሉ» እያለ ጥላ ይፈልግላታል።

መጀመሪያ ያቆመን አፄ ፋሲል ግንብ ፊት ነው። ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ያደረጓት እ.ኤ.አ. በ1636 ነው። ልጄ «ለምንድነው ብዙ ቤተ መንግሥት ያለው?» አለችው። ተከታዮቹ ነገሥታት በአባታቸው ቤት ከመቀመጥ የራሳቸውን ያሠሩ እንደነበር ነገራት። ከዚያ በኋላ እሷው ከፊት ከፊት እየሮጠች «ይሄስ የማን ነው?» ትል ጀመር። የታላቁ ኢያሱ፣ የበካፋ፣ የእቴጌ ምንትዋብ። በምንትዋብ ግንብ ላይ የተቀረጹትን መስቀሎች እሱ ባያሳየን ኖሮ ዝም ብለን እናልፋቸው ነበር።

ብዙ የቆየነው ኢያሱ ግንብ ጋ ነው። ጣሪያ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው። ጣሊያኖች ግቢውን መምሪያ አድርገውት ስለነበር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1941 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ደበደቡት። አስጎብኚው የቀረውን ግድግዳ በእጁ እያሳየ ሲያወራ ልጆቹ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ይህን በመጽሐፍ ላስተምራቸው ሞክሬ አያውቁትም ነበር፣ እዚያ ግን ገባቸው።

በዚያው ቲኬት ወደ ፋሲል መዋኛ በባጃጅ ሄድን። ገንዳው በጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውሃ ይሞላል። ግድግዳውን ተብትቦ የያዘው የዛፍ ሥር ብቻውን መሄዱን ያስመሰግናል።

ሆቴሉ ንጹሕ ነበር፣ ውሃም አልጠፋብንም። ቅር ያለኝ መኪናው ነው። ከአዘዞ አየር ማረፊያ ሊወስደን በስልክ የተስማማው ሰው፣ ስንደርስ «ሻንጣው በዛ» ብሎ ዋጋ ጨመረ። ደክሞን ስለነበር ከፈልን። ከውጭ የመጣን ስለሆንን ብቻ እንዲህ መደረግ የለበትም። እናንተ ዋጋውን በቴክስት አስጽፉ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንን ለሌላ ቀን አስቀምጡት። ጣሪያው ላይ የተሳሉትን የመላእክት ፊቶች ቀና ብሎ ማየት ሰዓት ይፈልጋል። ግቢውን ጠዋት እንደተከፈተ ጀምሩ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ። ለአስጎብኚው ቲፕ አትርሱ።